ኮሌታው ላይ ስም ያለበት ካፖርት

“አንቺ ነሽ ያስነሳሽው፣ አንቺው ቅበሪው” አሉኝ።

ይህን ያሉኝ መናኸሪያ አጠገብ፣ የአንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሐሙስ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የአንድ ተማሪ ሱሪ ዚፕ እየቀየሩ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔ አሮጌ የወታደር ካፖርት በፌስታል ይዤ ፊታቸው ተገትሬያለሁ።

አስነሳሽው የተባልኩት ሰው ማን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሥራዬ ቦንዳ ልብስ መሸጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር የእናቴን መደብ ተረከብኩ። ቁጭ ብዬ ደንበኛ መጠበቅ አልችልበትም፤ ያሳክከኛል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቆራሌ ከሰበሰበው አሮጌ ዕቃ መሃል አንድ የወታደር ሸሚዝ አውጥቶ ለመወልወያ ትሁንሽ ብሎ ወረወረልኝ። ኪሱን ስገለብጠው ገበሩ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመሩ አርባ አንድ መስመሮች አገኘሁ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ይቆጥር ነበር። ቀን ይሁን፣ ጥይት ይሁን፣ የሞተ ጓደኛ ይሁን እንጃ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ነው የተጀመረው።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ሁሉም እኔ ሳልወለድ የፈረሰው የድሮው ጦር ልብሶች ናቸው፤ የዛሬውን ሠራዊት ልብስ ቢሰጡኝም አልነካም፣ እስር ቤት መግባት አልፈልግም። ቆራሌዎቹ “ሻለቃ” ይሉኛል። “ሻለቃ፣ ዛሬ ምርኮ አለ” ብለው ከሩቅ ይጠሩኛል፣ መደቡ ሁሉ ይስቃል። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አንድ ሳጥን ሙሉ ስለሆነ እናቴ ቤቴን ካምፕ አደረግሽው፣ አንድ ቀን ተሰልፈው ሊወጡ ነው ትላለች። እኔ ግን ልብሱን መሰብሰቡ ብቻ አይደለም የሚይዘኝ። እያንዳንዱ ከየትኛው ክፍለ ጦር፣ ከየትኛው ብርጌድ እንደመጣ፣ ያ ክፍል የት ተዋግቶ የት እንደተበተነ እስካውቅ አላርፍም። በደብተር እጽፈዋለሁ። ሐዋሳ ውስጥ በር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ዘበኛን ሁሉ ጠይቄያለሁ ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ ግማሾቹ የድሮ ወታደሮች ናቸው።

ልብሱን ማንበብ ያስተማሩኝ ግን ልብስ ሰፊው ናቸው። ሰሜን ግንባር የአንድ ብርጌድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ነግረውኝ አያውቁም። ልብስ ስወስድላቸው መጀመሪያ ገልብጪው ይሉኛል። ከውስጥ በኩል ስፌቱን፣ የተጣፈበትን፣ የቁልፉን ክር ያሳዩኛል። በዚያ ዘመን አዲስ ልብስ አይመጣም ነበርና እያንዳንዱ ክፍል ያለውን እየጠገነ ነበር የሚለብሰው፤ የሚጠግነውም የክፍሉ ልብስ ሰፊ ነው። የሰፊውን እጅ ካወቅሽ ክፍሉን አወቅሽ ማለት ነው። የእሳቸው እጅ ቁልፍ ላይ ይታወቃል። ክሩን ከቁልፉ ሥር ሰባት ጊዜ ጠምዝዘው ቋጠሮውን በጨርቁና በገበሩ መሃል ይደብቁታል። እኔም እሞክራለሁ ብዬ ሁለት ደህና ሸሚዝ አበላሽቻለሁ።

ካፖርቱ የመጣልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ቆራሌው በፕላስቲክ ሳፋ ለውጦ አገኘው። ከየትኛው ቤት ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ ታቦርን ሙሉ ሲዞር ነው የሚውለው፣ የቱን በር ያስታውሳል? ወፍራም ነው። አረንጓዴው ወደ አመድነት ሄዷል። ኮሌታውን ስገለብጠው በማይለቅ ቀለም የተጻፈ የሰው ስም ከነአባቱ አገኘሁ፣ ከሥሩ ቁጥር። ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ ስም ያለበት እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን መደቤን በጊዜ ዘጋሁ።

ልብስ ሰፊው ጋ ሮጥኩ። በእጃቸው እንኳ አልያዙትም። “የኛ አይደለም” ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እስቲ ገልብጠው ይዩት ብላቸው፣ አይደለም አልኩሽ አሉ። ሌላ ጊዜ አንድ ሸሚዝ ይዤ ከሄድኩ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብን። ቅር ቢለኝም አሟቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። ስም በእጄ ስለነበረ አልነቃሁም።

በሁለት ሳምንት ደረስኩበት። ስሙ የሲዳማ ስም ነው። አንድ ባንክ በር ላይ የሚቀመጡ የድሮ ወታደር ቁጥሩን አይተው ክፍለ ጦሩን ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሞቱትም የተረፉትም ቤተሰብ አላቸው። ከዚህ አካባቢ ወደዚያ ክፍል የታፈሱት ልጆች አብዛኞቹ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጆች እንደነበሩም ጨመሩልኝ። እሑድ ቱላ ሄድኩና ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሽማግሌ ስሙን ጠርቼ ጠየቅሁ። እጃቸውን አንስተው አንድ ግቢ አሳዩኝ።

ግቢው ውስጥ ያገኘኋቸው እኅቱ ናቸው። ከሰባ አልፈዋል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከገበያ ሲመለስ ታፍሶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ምንም። ጦሩ ተበትኖ የተረፉት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ያልተመለሱላቸው የመንደሩ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሶ ተቀምጠው እርማቸውን አወጡ። እሳቸው ብቻ እምቢ አሉ። ያየው ሰው መጥቶ ይንገረኝ እያሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሩ። እኔ የሄድኩ ጊዜ ግን ልጃቸውና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ገና ማሳመናቸው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንኳን ሊተከል፣ ለቅሶ ሊቀመጡ ነው። ይህንን የነገረኝ ልጃቸው ነው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ አርባ ዓመት ይሆነዋል። የተቀቀለ በቆሎ አቀረበልኝና በጨዋ ደንብ ነገረኝ።

እኔ ካፖርቱን አግዳሚው ላይ ዘረጋሁት። አስተማሪው ኮሌታውን አነበበ። እማማ የት አገኘሽው አሉኝ። ሐዋሳ አልኳቸው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ያልኩትን አልኩ።

“ካፖርት ብቻውን ከሰሜን አይመጣም እማማ። ልብሱ ሐዋሳ ከደረሰ እሱም ደርሷል።”

ልጃቸው አተኩሮ አየኝ። እኔ ግን ኩራት ላይ ነበርኩ፤ ልክ እንደ መርማሪ። ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ “ባለቤቱ ተመልሷል” ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ድንኳኑ ቀረ።

እማማ ካፖርቱን መልሰው ሰጡኝ፤ በልብሱ ታገኚዋለሽ፣ ፈልጊልኝ ብለው። እሳቸውም መፈለግ ጀመሩ። በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው መናኸሪያ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። አውቶቡስ በገባ ቁጥር የሚወርደውን ሽማግሌ ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ዘበኛውን ያያሉ፣ ተሸካሚውን ያያሉ፣ የኔ ቢጤውን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት መደቤ ጋ መጥተው ምን አገኘሽ ይሉኛል። ምንም እላቸዋለሁ። ነገ ታገኚያለሽ ይሉኛል፣ እኔን ሊያጽናኑ! ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እግራቸው አበጠ። ከመደቤ ስር ተደብቄ ያሳለፍኩት ቀን ሁሉ ነበር።

ከዚያ አስተማሪው መጣ። የመጣው ከክፍል ነው፣ እጁ ላይ ጠመኔ አለ። እናቱ ከመናኸሪያ አንድ የኔ ቢጤ ሽማግሌ ይዘው ገብተዋል። እግሩን አጥበው፣ አብልተው፣ በወንድማቸው ስም ጠርተውታል። ሰውየውም ርቦት ስለነበር አቤት ብሏል። ሁለት ቀን አቤት ሲል ከርሞ በሦስተኛው እኔ ወሎዬ ነኝ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እማማ እህል አልቀመሱም።

“ወይ ሰውየውን አምጪ፣ ወይ መሞቱን አምጪ” አለኝ። “በመሃል ያለውን ለኛ ጥለሽ አትሂጂ።”

ደንበኞች ይሰሙ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ካፖርቱን እግሬ ላይ አድርጌ ገለበጥኩት። ስም ሳይ ደንዝዤ እስካሁን በደንብ አልገለበጥኩትም ነበር፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም። ከቀኙ ኪስ ዝቅ ብሎ አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ተደፍኗል። የደፈነው ሰው ክሩን ከካፖርቱ ከራሱ ጠርዝ መዝዞ ነው የሠራው፣ ከውጭ አይታይም። ከውስጥ ግን ገበሩ እስከ ታች ድረስ ጠቁሯል። ውሃ ያላስለቀቀው ጥቁረት ነው። ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ። ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ ተጠምዝዟል። ቋጠሮው የለም። በጥፍሬ ፈለግሁት፤ በጨርቁና በገበሩ መሃል ተደብቋል።

የኛ አይደለም ያሉኝ ሰውዬ እጅ ነው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ በረንዳቸው ላይ ቆሜ ይህን የደፈኑት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። እኅቱ መናኸሪያ በር ላይ ቆመው እንደሚውሉም ነገርኳቸው፤ ከበረንዳቸው ቀና ቢሉ ይታያሉ። ያን ጊዜ ነው አንቺው ቅበሪው ያሉኝ።

የስፌት መኪናውን ጎማ በእጄ ያዝኩት። መርፌው ሱሪው ላይ ቆመ። ጨዋነት አልነበረም፣ አውቃለሁ።

“ጋሼ፣ አይነግሩኝም እንዴ? እንግዲያው እኅቱን እዚህ አመጣቸዋለሁ።”

እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ። አስፋልቱን እያዩ ነገሩኝ። ከዚህ አካባቢ ሄደው በዚያ ሻምበል ውስጥ የቀሩት እሱና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጦሩ ሲያፈገፍግ ልጁ ሆዱን ተመታ። ቃሬዛ አልነበረም፣ መኪናውም ሄዷል። እሳቸው በሸሚዝ ነበሩ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካፖርቱን አወለቁበትና ለብሰውት ከሰዉ ጋር ሄዱ። ቀዳዳውን መንገድ ላይ ደፈኑት። ያንኑ ለብሰው በእግራቸው፣ እየለመኑ፣ ሐዋሳ ገቡ። ዘንድሮ ባለቤታቸው የቤት ጽዳት ላይ ሳትነግራቸው በሳፋ ለወጠችው።

ደብተሬ ላይ ባለቤቱ ብዬ ያሰመርኩበትን አሰብኩ። የተመለሰው ካፖርቱ ነው። የለበሰው ሌላ ሰው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ልብሱ ከሞተው ወደ ተረፈው እየተላለፈ ይለበስ እንደነበር እየሰማሁ፣ ስም ሳይ ረሳሁት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሯቸውም አልኳቸው።

“እስከ ቱላ መገንጠያ ሄጃለሁ። ለብሼው ልግባ? አውልቄው ልግባ?” አሉ። ቀጠሉና “ያየው ሰው ነው የሚፈልጉት። እኔ ሲሞት አላየሁም። ሳወልቅበት ይተነፍስ ነበር።”

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እንግዲያው አየሁ ይበሉ አልኳቸው። ሆዱን ተመትቶ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ሞቷል፤ አንዲት ቃል ናት፤ አየሁ ይበሉና ሴትዮዋን ያሳርፏቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። የእኔን እጅ ከጎማው ላይ አንስተው ዚፑን መስፋት ቀጠሉ።

ለአስተማሪው ነገርኩት፤ ካፖርቱ እንዴት እንደተወለቀ ግን አልነገርኩትም። ልብሱን ያመጣው ሰው ተገኝቷል፣ አብሮት ነበር፣ ብቻ አልኩት። እሱ ለሽማግሌዎቹ ነገረ። መርዶው ለቅዳሜ ሆነ። መርዶ ጀንበር ሳትወጣ ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ብዙ ሰው ሆኖ ሄዶ። ለእማማ ማንም ምንም እንዳይነግር ተባለ። ለልብስ ሰፊው ቀኑንና ሰዓቱን እኔ ሄጄ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቱላ አስፋልቱ ዳር ተሰበሰብን። ጋቢ የለበሱ ስምንት ሰዎች፣ አስተማሪው፣ እኔ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው ያንን ልብስ ደብቂው አሉኝ፤ ከቃሉ በፊት ልብሱን ካዩ ይወድቃሉ። ቀጥለውም “አንቺ ደግሞ ዛሬ አፍሽን ዝጊ” አሉ። ዘጋሁ። ልብስ ሰፊው የሉም። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ሆነ። የሉም። አስተማሪው ሰዓቱን እያየ ሰውሽ የታለ አለኝ። ሰማዩ መቅላት ጀመረ፤ እማማ በአሥራ ሁለት ሰዓት ባጃጅ ይዘው ወደ መናኸሪያ ይወጣሉ። ሽማግሌዎቹ ያለ እሱም ቢሆን እንግባ፣ የለም ያለ ምስክር አይሰሙንም እየተባባሉ ሲከራከሩ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ልብስ ሰፊው ወረዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ማንንም ሰላም አላሉም።

ስንገባ እማማ ለመውጣት ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ጃንጥላው አጠገባቸው ተደግፏል። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት በራቸው ላይ ሲያዩ ማሰሪያውን ለቀቁት። ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር። አላለቀሱም። ትልቁ ሽማግሌ እንጸልይ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

“ጸሎቱ ይቆየኝ” አሉ እማማ። “ያየው ማነው?”

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። እኔም አየኋቸው። ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አየሁ ይበሉ አልኩ፤ ማየታቸውን አውቃለሁ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ካፖርቱን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እዚያው ቆመው ገለበጡት፣ ሄደው እማማ ጉልበት ላይ በውስጡ በኩል ዘረጉት፣ የእማማን ጣት ይዘው የተደፈነው ቀዳዳ ላይ አስቀመጡት።

“እዚህ ጋ ነው የተመታው። ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ” አሉ።

“ሲሞት አየኸው?”

“አላየሁም።” “ጥዬው ነው የሄድኩት። ካፖርቱን ሳወልቅበት ይተነፍስ ነበር።”

አንድ ሽማግሌ ኧረ ጌታ ሆይ አሉ። አስተማሪው ተነሳ፤ እጁን ጨብጧል። አፈፍ አድርጎ የሚጥላቸው መስሎኝ በመሃል ልገባ ተራመድኩ። እማማ ግን ልጃቸውን ሳያዩት በእጃቸው ወደ ታች ጠቆሙት።

“ቁጭ በል። ሊዋሸኝ የመጣ ሰው እንዲህ አይልም።” ከዚያ ልብስ ሰፊውን “በርዶት ነበር?” አሏቸው።

“አዎ። በርዶት ነበር።”

“ምን አለህ?”

“ምንም አላለኝም። እጁን ከእጅጌው ለማውጣት አገዘኝ።”

እማማ እጅጌውን ያዙት። ከትከሻው እስከ ጫፉ ድረስ፣ ቀስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ሞቷል” አሉ።

ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው የሚወጣ አይመስለኝም ነበር። ጎረቤት ያሉ ሴቶች ባዶ እግራቸውን እየሮጡ በአጥሩ ገቡ። አስተማሪው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆየና ድንኳን ሊያመጣ ወጣ። ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ተነሳም ቁጭ በልም ያላቸው የለም። አንዲት ሴት እኔን ከመንገዱ ዞር በይ ብላ ገፋችኝና አለፈች።

ካፖርቱ እማማ ጉልበት ላይ ነው። ባዶውን ፌስታል አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ ሰዎች በሩ ላይ ስላገኘሁ አሳልፌያቸው ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ለቀስተኛ አውርዳ ወደ ከተማ የምትዞር ባጃጅ ነበረች፤ ገባሁ።